ወርቁን ተዉትና ከቆርኪ ጀምሩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ የቤት ዕቃ የምሠራ አናጺ ነኝ። ስለ እንጨት ብጽፍ ይቀናኝ ነበር፣ ዛሬ ግን ስለ ሜታል ዲቴክተር፣ ማለት የተደበቀ ብረት ነክ ነገር ፈልጎ ስለሚጠቁም ማሽን ነው የምጽፍላችሁ።

ሰሞኑን የሰፈራችን ልጆች የዕቁብ ብራቸውን አዋጥተው በቴሌግራም አንድ «የወርቅ ማሽን» ገዙ። ማሽን የተባለው እጀታ ላይ የተተከለ አንቴና ነው። ሻጩ «ወርቅ ካለ ከአንድ ኪሎ ሜትር ይጠቁማል» ብሏቸዋል። ፈታሁት። ውስጡ አንዲት ትንሽ አምፖልና የባትሪ ድንጋይ ብቻ፤ ከአንቴናው ጋር እንኳ የሚያገናኛቸው ሽቦ የለም። ሻጩ ስልኩን ዘግቷል።

ልጆቹ አፍረዋል፣ ግን እንዲህ ያለው ነገር ትልልቆቹንም በልቷል። ጄምስ ማኮርሚክ የሚባል እንግሊዛዊ፣ የጠፋ የጎልፍ ኳስ ይፈልጋል እየተባለ በ20 ዶላር ገደማ ከሚሸጥ መጫወቻ ተነስቶ «ቦምብ ፈላጊ» ብሎ ለኢራቅ መንግሥት እየቸበቸበ ሚሊዮኖች አፍሷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ያም ዕቃ እጀታና አንቴና ነበር።

እውነተኛው ዲቴክተር እንዲህ አይፎክርም። ጫፉ ላይ እንደ ሰፌድ ክብ የሆነ፣ ውስጡ የመዳብ ሽቦ የተጠቀለለበት ነገር አለ። ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይመላለሳል፤ ከሥሩ ብረት ሲያጋጥመው ብረቱም ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠርና መልሶ ሽቦውን ይረብሸዋል፤ ማሽኑ ያንን ረብሻ ወደ ድምፅ ቀይሮ ያሰማል። በቃ፣ ይኸው ነው። የጀማሪ ማሽን አንዲት ሳንቲም ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ካገኘ ጎበዝ ነው። ኪሎ ሜትር የሚል ሰው ከመጣ ኪሳችሁን ያዙ።

እኔ የገዛሁት ለሚስማር ነው። ከፈረሰ ቤት የሚመጣ አሮጌ ዋንዛ ለሥራ የሚመች እንጨት ነው፣ ጣጣው ውስጡ የቀረው ሚስማር ነው። ጭንቅላቱ በዝገት ተበልቶ፣ ላዩን ቀለምና ጥቀርሻ ሸፍኖት በዓይን አይታይም፣ መጋዙ ሲያገኘው ግን ጥርስ ይረግፋል። አሁን ጣውላውን መሬት ላይ አጋድሜ ማሽኑን ከላይ አሳልፋለሁ፣ የጮኸበትን በጠመኔ አከባለሁ፣ ከዚያ በመሮ ከፈት አድርጌ በጉጠት እነቅላለሁ። ወሬው ጎረቤት ሲደርስ ደግሞ የሥራው ዓይነት በዛ። ቡና ማስጫ ላይ የወደቀ የጆሮ ጌጥ፣ ሣር ውስጥ የጠፋ የቤት ቁልፍ፣ በየት በኩል እንዳለፈ የተረሳ የብረት የውሃ ቧንቧ። ይህ ሥራ ሀብታም አያደርግም፣ ግን ቡና ያስጠጣል፣ ምርቃትም አለው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ምንም የሌለው ልጅ ማሽኑን ራሱ ለመሥራት ሬዲዮ የሚጠግን ወዳጅ ይያዝ። ሁለት ተመሳሳይ ድግግሞሽ፣ ማለት ፍሪኩዌንሲ የሚባለውን፣ የሚያመነጩ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩቶች ሠርተህ የአንዱን ሽቦ ሰፋ አድርገህ ስትጠቀልለው፣ ብረት ሲቀርበው ድግግሞሹ ትንሽ ይዛባል፣ የሁለቱ ልዩነትም በስፒከር ይሰማል። በጣም ጥንታዊ ዘዴ ነው፣ የሚያየውም ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለእኔ ጣውላ ግን ይበቃል፣ የማሽኑን ባሕርይም ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር የለም።

መግዛት የሚችል ከታወቁት የጀማሪ ሞዴሎች አንዱን ይፈልግ፣ ሁለተኛ እጅም ቢሆን ምንም አይደለም። ከመክፈሉ በፊት ግን ስለ ባትሪው ይጠይቅ፤ ይህን ማንም አይነግራችሁም። አንዳንዱ አራት ማዕዘን የሆነውን ባለ 9 ቮልት ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ቶሎ ያልቃል፣ ይወደዳልም። ጋሬት ኤስ 200 የሚባለው በአራት የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ ነው የሚሠራው፣ ያ በየሱቁ አለ። ሆቴል በር ላይ ሰውነታችንን የሚፈትሹባት አጭሯ መፈተሻም በርካሽ ከተገኘች ትጠቅማለች። ጉድጓድ ከተከፈተ በኋላ ሳንቲሟ የትኛው አፈር ውስጥ እንዳለች በእሷ ትለያላችሁ። ሚስማር መልቀሚያ ማግኔት አትግዙ፣ ከተበላሸ ስፒከር ውስጥ ይወጣል። ለመቆፈሪያ መኮትኮቻ በቂ ነው፣ ዶማ ይዞ የሰው ግቢ መግባት ያስፈራል።

የጅማ አፈር የራሱ ጠባይ አለው። ቀይ የሆነው ብረት ስላለበት ነው፣ ርካሽ ማሽን ደግሞ ይህን አፈር ራሱን ዕቃ መስሎት ይንጫጫል። ስሜቱን፣ ማለት ሴንሲቲቪቲ የሚባለውን፣ እስከ ጥግ ከፍቶ «ማሽኑ ተበላሸ» የሚል ብዙ ነው። ዝቅ አድርጉት። ጥልቀት ትንሽ ይቀንሳል፣ ጆሯችሁ ግን ያርፋል። ከቆርቆሮ አጥርና ከመብራት ገመድ ራቁ። ጫማችሁ ብረት ካለው አውልቁት። ክረምት ላይ መሬቱ ለመቆፈር ይለሰልሳል፣ ግን የብዙዎቹ ጫፍ ውሃ ቢችልም ሳጥኑ አይችልም፤ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ፌስታል አልብሱት።

መጀመሪያ የምትሞክሩት የገዛ ግቢያችሁን ነው። አንድ ቆርኪ፣ አንድ ሚስማር፣ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀትና ሁለት ሦስት ሳንቲም በተለያየ ጥልቀት ቅበሩና ቦታውን በእንጨት ምልክት አድርጉ። ከዚያ ጫፉን ሣሩን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ሳትቸኩሉ፣ አንዱ ጉዞ ሌላውን እየደረበ አሳልፉት። ቆርኪ ሳንቲም መስሎ ይሸውዳል፣ ከተማችን ደግሞ ቆርኪ ላይ የተመሠረተች እስክትመስል ድረስ ሞልቷል። ማሽኑን «ብልጭልጭ ወረቀት አልፈልግም» ብላችሁ ዝም ካሰኛችሁት ትንሽ የወርቅ የጆሮ ጌጥም አብሮ ዝም ይላል፣ የሁለቱ ድምፅ ይቀራረባልና። የጌጥ ፍለጋ የምትሄዱ ከሆነ ወረቀቱንም መልቀም ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

ጥርት ያለ ከፍ ያለ ድምፅ የሚሰጡት የድሮ ሳንቲሞች ናቸው። በግዕዝ ቁጥር ፲፱፻፴፮ የሚል የተጻፈበት የጃንሆይ ስሙኒ መዳብ ነው፣ ሽልንጉ ደግሞ ከብር ማዕድን የተሠራ። መጀመሪያ ሁለቱም ክብ ነበሩ። ስሙኒውን ብር እያስመሰሉ በሽልንግ ዋጋ የሚያልፉ በመምጣታቸው ነው ኋላ የስሙኒው ጠርዝ ጥርስ የወጣለት። እንግዲህ የዛሬው አንቴና ሻጭ አያት አለው ማለት ነው። ማርትሬዛ ደግሞ 28 ግራም የሚመዝን የብር ጠገራ ስለሆነ ከተገኘ ማሽኑ ይጮህበታል። ግን 1780 የሚለውን ዓመት አይታችሁ አትደንግጡ፣ ኋላ የተመታውም ሁሉ ያንኑ ዓመት ነው የተጻፈበት።

ቅርስ ያለበት ቦታ ላይ ግን ቀልድ የለም። ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ መካነ መቃብር፣ እነዚህ አካባቢ ማሽን ይዛችሁ አትታዩ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር አይቻልም፣ በአጋጣሚ ያገኘም ወዲያውኑ ማሳወቅ አለበት። በሰው መሬት ላይ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ የቆፈራችሁትን መልሳችሁ ድፈኑ።

«ጣሊያን ሲወጣ ወርቅ ቀብሯል» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፣ ቦታው በተናገረው ሰው ቁጥር ልክ ይለያያል። እኔ የማውቀው በሰኔ 1933 ጅማ ላይ የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን መስጠቱን ነው። ጦር ከሰፈረበት አፈር ይበልጥ የምጠብቀው ጥይትና ያልፈነዳ ነገር ነው። የዛገ፣ ረዘም ያለ፣ ክንፍ ወይም ጭንቅላት ያለው ብረት ካያችሁ አትንኩት፣ አታጽዱት፣ ቦታውን ለይታችሁ ለፖሊስ ተናገሩ። ዝገት ፈንጂን አያበርደውም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጆቹ አሁን ትክክለኛውን ማሽን ውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል ማስመጣት ይፈልጋሉ፣ ተሽቀዳድመው ከላኩ በኋላ ኤርፖርት ላይ እንዳይቀርባቸው ፈራሁ። አንድ ግለሰብ እንዲህ ያለ ዕቃ ለማስገባት ከማን ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ጉምሩክን ጠይቃችሁ ብታወጡልን። መልሱን ቆርጬ ወርክሾፔ በር ላይ እለጥፈዋለሁ፤ እስከዚያ የእኔን ይዋሱ ብያቸዋለሁ፣ ሰኞና ሐሙስ ግን ጣውላ ስለምፈትሽበት አላበድርም።

አንባቢያችሁ፣ አናጺው ከጅማ