ሁለተኛውን ወረቀት ራስህ አንብበው

ለንደን፣ ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ የምታነብልህ ብሌን እንደምትሆን አውቃለሁ። ብሌንዬ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ። አያትሽ አራት ነጥብ ላይ የማይቆም አንባቢ አይወድም። አባዬ፣ አንተም ቃል ብትስት አትቆጣት።

የላክሁት ሁለት ወረቀት ነው። ይሄኛው ለሁላችሁም ነው። ሁለተኛው ታጥፎ በፕላስተር ታሽጓል። እሱን ማንም እንዳያነብልህ። የዓይንህ ሞራ ከተገፈፈልህ በኋላ ራስህ ታነበዋለህ። ፊደሉን አተልቄ ነው የጻፍሁት። ተንኮል ነው ካልክ፣ አዎ ተንኮል ነው።

ያሬድ ቀጠሮውን ሁለቴ እንዳሳለፍከው ነገረኝ። መጀመሪያ ጥምቀት ይለፍ አልክ። ቀጥሎ ብርዱ ይለፍ አልክ። አሁን ደግሞ ጾሙ ገብቶ ይውጣ ብለሃል አሉ። የደብረ ብርሃን ብርድ መቼ አልፎ ያውቃል? ሐኪሙ ያለውን እኔም ሰምቻለሁ። የሚያደነዝዙት ዓይንህን ብቻ ነው። የደፈረሰውን አውጥተው ትንሽ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተኩበታል። አታድርም፣ በዚያው ቀን ቤትህ ትገባለህ። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዓይንህን ማሸት የለም። ፊትህን ስትታጠብ ውኃ እንዳይገባበት። ጎንበስ ብሎ ጄሪካን ማንሳት ፈጽሞ የለም። የስግደቱን ነገር ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፣ እሳቸው መላ አያጡም። ጥቁር መነጽር በመንገደኛዋ እጅ ልኬያለሁ። ሹራቡም ያንተ ነው፣ ለያሬድ እንዳትሰጠው።

የእማዬ ጊዜ "ዛሬ ነገ" ስንል የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሌላ አልጨምርም።

አሁን ወደ ትምህርቴ ልምጣ። ባለፈው በስልክ "ዲግሪ እያለሽ ደግሞ ምን ትምህርት?" አልከኝ። መስመሩ ተቋረጠ። እውነቱን ለመናገር መልሼ መደወል እችል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝ አገር አንደኛ ደረጃ ለማስተማር መጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል። በምንም ሙያ ይሁን ግድ የላቸውም። ከዚያ አንድ ዓመት የድኅረ ምረቃ ሥልጠና ትወስዳለህ። ፒጂሲኢ ይሉታል። አንተ ከአሥራ ሁለተኛ በኋላ ደብረ ብርሃን መምህራን ማሰልጠኛ ገብተህ አንድ ዓመት የተማርከውን አስብ። እሱው ነው። ልዩነቱ አንተ ያኔ የ20 ዓመት ጎረምሳ ነበርክ፣ እኔ 39 ሞልቶኛል።

አንተ የመረጥክልኝ የአካውንቲንግ ዲግሪ በመጨረሻ ለዚህ ጠቀመኝ። የውጭ አገር ማስረጃ ወደሚመዝነው ቢሮ ልኬው "ከእኛ ዲግሪ ጋር ይስተካከላል" የሚል ወረቀት አመጣሁ። በዚያ አላበቃም። እዚህ ልጆች በ16 ዓመታቸው የሚፈተኑት የእንግሊዝኛ፣ የሒሳብና የሳይንስ ፈተና አለ። አንደኛ ደረጃ የሚያስተምር ሰው ሦስቱንም ማለፍ አለበት። ስለዚህ አምና ማታ ማታ ስለ ፎቶሲንተሲስ ስሸመድድ ከረምኩ። የልጅ ልጅህ ናሆም አልጋው ላይ ሆኖ ይስቅብኝ ነበር።

የዓመቱ ክፍያ 9535 ፓውንድ ነው። ወደ ብር ቀይረህ እንዳታሰላው፣ እንቅልፍ ይነሳሃል። ብድር ነው፣ ወደፊት ከደመወዜ እየተቆረጠ ይከፈላል። ደመወዙ ስንት እንደሆነ ልትጠይቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ካንተ ይሻላል፣ በቃ።

ከዓመቱ ውስጥ ቢያንስ 120 ቀን ትምህርት ቤት ገብተን እያስተማርን እናሳልፋለን። ቢያንስ ሁለት ትምህርት ቤት መሆን አለበት። የቀረው ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ድርሰት፣ ንባብ፣ እንደገና ድርሰት። አሁን ያለሁት አንደኛ ክፍል ነው። አምስትና ስድስት ዓመት የሆናቸው ልጆች። በዚህ ዕድሜ አንድ መምህር ከ30 ልጅ በላይ እንዳይዝ ሕግ አለ። አንተ በጠዋት ፈረቃ 70፣ በከሰዓት ፈረቃ 70 ስታስተምር ስማቸውን ሁሉ ታውቅ ነበር። እኔ የ30ውን ለመያዝ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

ንባብ የሚያስተምሩበትን መንገድ ብታይ ትስቃለህ። እንግሊዝኛ 26 ፊደል አለው፣ ድምፁ ግን ከ40 ይበልጣል። ስለዚህ ፊደሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይዋዋሳሉ። አንዱ ድምፅ በአምስት ዓይነት ይጻፋል፣ አንዱ ጽሕፈት በሦስት ዓይነት ይነበባል። የኛ "ለ" ጠዋትም ማታም "ለ" ነው። ይህንን ለአንዲት የኮርስ ጓደኛዬ ስነግራት "ታዲያ ስንት ፊደል አላችሁ?" አለችኝ። 33ቱን በ7 አባዝቼ 231 ስላት አፏን ይዛ ቀረች። ዲቃሎቹን አልጨመርኩላትም።

ዓመቱ ሲያልቅ አንደኛ ክፍሎች የንባብ ፈተና አላቸው። መምህሩ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ 40 ቃል ያስነብባቸዋል። 20ው ቃል አይደለም! ትርጉም የለውም፣ የፈጠራ ነው። "ቮፕ" ዓይነት ነገር። እንዳይደናገሩ አጠገቡ የእንግዳ ፍጡር ሥዕል ይደረጋል፣ የዚያ ፍጡር ስም ነው ይባላሉ። መጀመሪያ ስሰማ እብደት መሰለኝ። በኋላ ገባኝ። ሸምድዶ የመጣ ልጅ የፈጠራ ቃል ላይ ይያዛል። ያኔ ትዝ ያልከኝ አንተ ነህ። ፊደል ገበታውን ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ታስነብበን ነበር። "ቃላችሁን አይደለም፣ ዓይናችሁን ነው የምፈልገው" ትል ነበር። በ1971ዱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለገበሬዎቹም እንዲሁ ታደርግ እንደነበር አጫውተኸናል። እንግሊዞች ይህን ነገር በ2012 እነሱ አቆጣጠር ጀመሩት። ቀድመሃቸዋል።

ናሆም ደህና ነው፣ አድጓል። አራተኛ ክፍል ገብቷል። የፊት ጥርሱ ገና አልሞላም። በሰኔ የማባዣ ፈተና አለው፣ በኮምፒውተር 25 ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ 6 ሰከንድ። ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ሁልጊዜ ይጠፋዋል። ማታ ማታ ሰሃን እያጠብን እጠይቀዋለሁ። አማርኛው ደህና ነው፣ "ቀ" እና "ጠ" ግን አሁንም አልወጡለትም። ፎቶው ፖስታው ውስጥ አለ። ጆሮው ያንተ ነው። ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ "አያቴ ዓይኑን ይዳንለት" ብሎ ሻማ አበራልህ። ሳንቲሙን ራሱ ነው የከፈለው። ስለ ናሆም ብዙ አወራሁ አይደል?

ለፋሲካ አልመጣም።

ፋሲካ ሚያዝያ 4፣ እሁድ ነው። እኔ ሁለተኛው ትምህርት ቤት የምጀምረው በማግስቱ ሰኞ ነው። ቀኑ ካልሞላ የዓመቱ ልፋት ገደል ይገባል። ለያሬድ ነግሬዋለሁ፣ ላንተ ሊነግርህ ፈርቶ ነው። አንተም በአንድ ወቅት ቀሪ አልነበረህም፣ እኔ ስወለድ እንኳ ክፍል ውስጥ ነበርክ። ክረምት ላይ፣ ሐምሌ፣ ናሆምን ይዤ እመጣለሁ። ያኔ እንድታየው እፈልጋለሁ። በጆሮህ ሳይሆን በዓይንህ።

ብሌንዬ፣ ጎበዝ። እዚህ ላይ አቁሚና ሌላውን ወረቀት ለአያትሽ ስጪው።

ሁለተኛው ወረቀት

አባዬ፣

ይህን እያነበብክ ከሆነ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ካላነበብክ፣ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።

በኅዳር የሆነ ነገር ልንገርህ። አንድ ልጅ አለ፣ ስሙን አልጽፍም። ንባብ አይገባውም። ሌሎቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነጩን ሰሌዳ ያያሉ፣ እሱ የጫማውን ክር ያያል። እኔ በእንጨት ማስመሪያ ፊደሎቹን እያመለከትኩ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት፣ ሦስት ጊዜ ሳተው። በማስመሪያው ጠረጴዛውን መታሁ። ጠረጴዛውን ነው፣ ልጁን አይደለም። ግን ቋ ሲል ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጁ ሁለት እጁን ብብቱ ሥር ደበቀ።

ማን አስተማረው? እዚህ በመንግሥት ትምህርት ቤት ዱላ በሕግ ከቀረ 40 ዓመት ሊሆነው ነው። እናቱን እንኳ የመታት መምህር የለም ይሆናል። ልጁ ግን አወቀ።

የምትከታተለኝ መምህርት ከኋላ ተቀምጣ ታያለች። ምንም አላለችም። ልጆቹ ሲወጡ መጥታ ማስመሪያውን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችው። በምትኩ ቀጭን ዱላ ሰጠችኝ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ እጅ ያለበት፣ አንድ ጣቷን የቀሰረች። "በዚህ አመልክቺ" አለች። ሻይ እንጠጣ አለችኝ። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ።

"ሯጩ ኮረብታውን ወጣ።"

ታስታውሳለህ? ምናልባት አታስታውስም። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፣ 1988። የክፍላችን መምህርት ለወሊድ ስትወጣ አንተ ተተካህ። በመጀመሪያው ቀን ቤት ውስጥ ጫማህን እየጠረግህ "ክፍል ውስጥ ቲቸር ነው የምትዪኝ" አልከኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

አስነሣኸኝ። "ራጩ" ብዬ አነበብኩ። እንደገና አልክ። "ራጩ።" እንደገና አልክ። "ሯ"ን አላውቃትም ነበር። ባያትም አላውቃትም ነበር፣ እግሯ ሥር ያለችው ሰረዝ ለእኔ የማተሚያ ቤት ቆሻሻ ነበረች። እጅሽን ዘርጊ አልክ። በማስመሪያው ጠርዝ፣ በጠፍጣፋው አይደለም። አንድ። ሁለት። በሁለተኛው "አባዬ" አልኩህ። አፌ አምልጦኝ ነው።

"እዚህ አባዬ የሚባል የለም" አልክና ሦስተኛውን መታኸኝ።

70 ልጅ ሳቀ። ለልጁ ያዳላል እንዳይሉህ እንደሆነ አሁን ይገባኛል። አሁን መምህር ልሆን ነው፣ ሁሉም ይገባኛል። ማታ እማዬ እጄን ቅቤ ቀባችኝ። አንተ ራትህን በልተህ ሬድዮ ከፈትክ። ቤት ውስጥስ አባዬ አልነበርክም?

ሌላም ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲ ስለ ልጆች መብት ጻፉ ሲሉን የኛን ሕገ መንግሥት አነበብኩት። አንቀጽ 36። ልጆች በትምህርት ቤት በአካላቸው ከሚፈጸም ቅጣት ነጻ የመሆን መብት አላቸው ይላል። የጸደቀው በኅዳር 1987 ነው። አንተ መጽሐፉን ገዝተህ በጋዜጣ ለብደኸው ነበር። እንግዳ ሲመጣ አንቀጽ እየጠቀስክ ትከራከር ነበር። መደርደሪያው ላይ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጎን ተቀምጦ እያየሁት ነው እጄ ያበጠው። ድርሰቱን ስጽፍ ያንን አላስገባሁም። ጥሩ ውጤት አገኘሁበት።

ይህን የምጽፈው ይቅርታ ጠይቀኝ ለማለት አይደለም። አይ፣ ውሸቴን ነው። ትንሽ እፈልጋለሁ።

ግን ሌላም የምፈልገው አለ። ያ ልጅ አሁንም አያነብም። ፈተናው ሰኔ ነው፣ እኔ ደግሞ ከክፍሉ የምወጣው ከዚያ በፊት ነው። አንተ ሌላ ቦታ የወደቁ ልጆች ሲመጡልህ ታስነብባቸው ነበር። የሊስትሮው ልጅ ሁለት ዓመት የደገመባትን አንደኛ ክፍል አንተ ጋር አለፈ፣ ዛሬ ኢንጂነር ነው ይላሉ። እሱን አልመታኸውም። በረንዳው ላይ አሸዋ በትሪ ዘርግተህ በጣቱ ስታስጽፈው በመስኮት አይቻችኋለሁ። ስንት ቀን ፈጀብህ? ከየትኛው ፊደል ጀመርክ? ዝም ሲልህ ምን አልከው? እዚህ ያለው መጽሐፍ ሁሉ አለኝ፣ ይሄን ግን የጻፈ የለም።

በእጅህ ጽፈህ ላክልኝ። ለብሌን አታስጽፋት፣ ያንን የሰሌዳ ጽሕፈትህን ነው የምፈልገው። መጀመሪያ ግን ሐኪሙ አንብብ እስኪልህ ጠብቅ። በመብራት ኃይል ማታ ማታ አትድከም።

ይሄን ወረቀት አጥፈህ ኮትህ የውስጥ ኪስ ውስጥ ክተተው። ብሌን እንዳታገኘው።

ልጅህ