የደመወዝ ጭማሪ ብቻውን ጉቦን አያስቀርም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስለሚታየው የሥነ ምግባር ጉድለት በተነሣ ቁጥር አንዱ ወገን ሠራተኛው ሥልጠና ይሰጠው ሲል ሌላው ደመወዙ ይጨመርለት ይላል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሠራተኛው በሥራው እንዲረካም ሆነ በሐቀኝነቱ እንዲጸና ከሁሉ በላይ የሚወስነው ግን በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚሰጡት ውሳኔዎች ፍትሐዊ መሆን አለመሆናቸው ይመስለኛል።

የጋና መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 የፖሊሶችን ደመወዝ በእጥፍ ሲያሳድግ ከታሰቡት ጥቅሞች አንዱ በየኬላው የሚሰበሰበው ጉቦ እንዲቀንስ ነበር። ይሁን እንጂ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎችን ክፍያ የተከታተሉ አጥኚዎች፣ ጭማሪ ካላገኙት የቡርኪና ፋሶ ፖሊሶች ጋር አነጻጽረው ያዩት የተገላቢጦሹን ነው፤ የጋና ፖሊሶች የሚቀበሉት ገንዘብ ከፍ አለ እንጂ አልቀነሰም። ይህን የምጠቅሰው ሠራተኛው በማይበቃ ደመወዝ ይኑር ለማለት አይደለም። ቤተሰቡን ማስተዳደር ላቃተው ሰው ስለ ሐቀኝነት መስበክ ያሳፍራል።

ጄራልድ ግሪንበርግ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ የግል ድርጅትን ቢመለከትም ለመንግሥት መሥሪያ ቤትም ትምህርት ይሰጣል። በሁለት ፋብሪካዎች የሠራተኞች ደመወዝ ለጊዜው በ15 በመቶ ተቀነሰ፤ ምክንያቱ በዝርዝርና በአክብሮት በተነገረበት ፋብሪካ የታየው ስርቆት፣ በቂ ማብራሪያ ካልተሰጠበት ፋብሪካ እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የተቀነሰው ገንዘብ ግን እኩል ነበር።

ሠራተኛው በየዕለቱ የሚያስተውለው ማን እንዳደገ፣ ማን እንደተዛወረና ለምን እንደሆነ ነው። የሥራ አፈጻጸም ምዘናው በአለቃው መልካም ፈቃድ የሚሞላ ከሆነ፣ ዝውውር የቂም መወጫ ከሆነ፣ ያልተሟላ ሰነድ ይዞ የመጣን የባለሥልጣን ዘመድ የመለሰ ባለሙያም «ሥራ የሚያጓትት» ተብሎ ከተፈረጀ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የሥነ ምግባር መርሕ የሚያምን አይኖርም። እንዲህ የተከፋ ሠራተኛ ሁሉ ጉቦ መቀበል አይጀምርም፤ አብዛኛው ሰዓቱን ጠብቆ ይገባል፣ ይወጣል፣ ኃላፊነት ከሚያስከትል ውሳኔ ይሸሻል፣ ባለጉዳዩንም «ነገ ተመለስ» ይላል። በእኔ ግምት ይህ ዝምተኛ ቸልተኝነት ሕዝብን የሚጎዳው ከጉቦው ባልተናነሰ ነው፤ ለክስ ስለማይበቃ ግን ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም።

እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት በአንቀጽ 7 ስለ በቂ ክፍያም ስለ ሥልጠናም ይናገራል፤ ከሁለቱ አስቀድሞ ያሰፈረው ግን የቅጥርና የእድገት አሠራር በግልጽነትና እንደ ችሎታ ባሉ ተጨባጭ መስፈርቶች ላይ እንዲመሠረት ነው። ይህን ተግባራዊ ለማድረግ የእድገትና የዝውውር ውሳኔዎች ከነምክንያታቸው በጽሑፍ ሊገለጹ፣ ቅሬታም ሲቀርብ ውሳኔውን የሰጠው ኃላፊ ራሱ መልሶ እንዳያየው ሊደረግ ይገባል። አንዳንድ ኃላፊዎች ሥራ በዛብን ማለታቸው አይቀርም፤ በሁለት አንቀጽ የማይብራራ እድገት ግን ከመጀመሪያውም ያጠራጥራል። ሕገወጥ ትእዛዝ አልፈጽምም ያለ ወይም ጥፋትን የጠቆመ ሠራተኛን በሚመለከት ደግሞ፣ ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪያልቅ ድረስ ከቅርብ አለቃው ውጭ የሆነ አካል ሳያጸድቀው ዝውውርም ሆነ የደረጃ ቅነሳ እንዳይፈጸም በደንብ ቢደነገግ መልካም ነው እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ