ተሼ፣ ያችን ቀለሃ እንዳትሞላት

ተሼ ወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? ልጆቹስ? ስምንት ወር ሙሉ ዝም ማለቴ አሳፍሮኛል፤ ይቅር በለኝ። የእማማን ቤት ጉዳይ ሌላ ጊዜ አጫውትሃለሁ።

ትናንት ሱሉልታ መብራት ጠፍቶ ስልኬን ስነካካ ያ የላክህልኝ ፎቶ ወጣ። አጋዘኑ እንዴት ያምራል! ግን ዓይኔ ባሩድ መልሰህ ልትሞላቸው ጠረጴዛው ላይ በደረደርካቸው ባዶ ቀለሃዎች ላይ ቀረ። አጉልቼ አየኋቸው። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም።

ከግራ ሦስተኛዋን እያት። ከቂጧ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ዞሯታል። ናሱ ተስቦ ሳስቷል፤ ሊበጠስ ነው። የቀጭን ሽቦ ጫፍ አጥፈህ ውስጧን ዳብስ። ጎድጎድ ያለ ነገር ሽቦውን ከያዘው ጣላት። ለመሆኑ ስንተኛ ጊዜ ነው የምትሞላት?

ከሥራቸው ያሉት፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥሉት ካፕሱሎችም አላማሩኝም። ጠርዛቸው ጠፍቶ እንደ ሳንቲም ተለጥጠዋል። ይሄ ብቻውን አያስፈርድም። የጠመንጃው መዝጊያም አልከፈት ካለህ ግን ባሩድ አብዝተሃል። እውነቱን ንገረኝ።

አንተ ድሮም ፍጥነት ትወዳለህ፤ የእንጦጦን ቁልቁለት በብስክሌት የወረድክባት ቀን አትረሳኝም። አጋዘን ግን በፍጥነት ብዛት አይወድቅም። የሚጥለው ቦታውን ማግኘትህ፣ ከቀለሃው ተወርውሮ የሚሄደው አረርም ጫፉ እየተከፈተ ሳይበታተን ሳንባና ልብ መድረሱ ነው። ሠላሳ ዜሮ ስድስትህ በፈረንጆች 1906 የወጣች ጥይት ናት፤ ባለ 165 ግሬይኑ አረር፣ 10.7 ግራም ገደማው ማለቴ ነው፣ ከበቂ በላይ ነው። የጥይት አሞላል መጽሐፉ ላይ ካለው የባሩድ መነሻ ልክ ጀምር። በጥቂት በጥቂቱ ጨምር፤ ከጣሪያው እንዳታልፍ። የዒላማው ወረቀት ላይ ቀዳዳዎቹ የተሰበሰቡበት ልክ ላይ ቁም። አረሩን ወይ ካፕሱሉን ከቀየርክ እንደገና ከታች።

አንድ ነገር ልንገርህ... እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ጥገና ክፍል ሳለን ያ ልጅ ዓይኑን ያጣ ቀን ትዝ ይልሃል? ጠዋት ከዚያው ጠመንጃ በወጣ ቀለሃ ላይ ይህንኑ ቀለበት አይቼ ነበር። ዝም ብዬ አለፍኩ። ለባለቤቴም ተናግሬ አላውቅም።

ስለዚህ ጠመንጃውንም ለባለሙያ አሳየው፤ ጥፋቱ ከባሩዱ ብቻ ላይሆን ይችላል። እስከዚያ አትተኩስ። ይህን እንዳነበብክ ደውልልኝ። እዚህ ሌሊት ቢሆንም ደውል፣ አነሳለሁ።

ያንተው
ጌቱ