ለአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ስለ ፊደልና ስለ ኅዳር አጨዳ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። የአንደኛ ክፍል ዓመት እንዴት እንደሚያልፍ፣ ልጆች የቱ ጋ እንደሚሰናከሉ ከወዲሁ እንድታውቁ ይህን ጽፈናል። ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለት።

እስከ መስቀል ያለው ጊዜ የመልመጃ ነው። ልጁ እርሳስ መያዝ፣ መስመር ሳይለቅ መጻፍ፣ ዴስክ ላይ ለሦስት መቀመጥ ይለምዳል። ፊደል የሚጀመረው ከመስቀል በኋላ ነው። ገበታው 33 ቤት አለው፤ እያንዳንዱ ቤት 7 ፊደል፣ ባጠቃላይ 231። በሳምንት ሦስት ቤት ስንሄድ 11 ሳምንት ይፈጃል። ዘጠነኛውና ዐሥረኛው ሳምንት የሚውሉት ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ነው፤ ልክ ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ጀ፣ ገ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ እና ጸ ይማራሉ። የቀረ ልጅ 42 ፊደል ያመልጠዋል። «ጤፍ»፣ «ጨው»፣ «ገበያ»፣ «ጎንደር» ሲባል ያውቃል፤ ተጽፎ ሲያይ ግን ይቆማል። ከ50 በላይ ልጅ ባለበት ክፍል መምህሩ ለአንድ ልጅ ወደ ኋላ መመለስ ይከብደዋል።

የሰባት ዓመት ልጅ እንደማያጭድ እናውቃለን። የሚቀረው አዋቂው ማሳ ስለሚውል ጥጃ እንዲጠብቅ፣ ሕፃን እንዲይዝ፣ ለደቦው ውኃ እንዲያደርስ ነው። ሥራው የግድ መሆኑንም እንረዳለን። ስለዚህ በአጨዳው ሰሞን የፊደል ትምህርት ከጠዋቱ 2:30 እስከ 4:00 ብቻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የግድ ከሆነባችሁ ለመምህሩ ነግራችሁ ልጁን ውሰዱት። ሙሉ ቀን ከሚቀር ይህ እጅግ ይሻላል። ጎረቤታሞችም ጥጆቻችሁን አንድ ላይ አድርጋችሁ አንድ ትልቅ ሰው ወይም የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ቢጠብቃቸው ትንንሾቹ ይተርፋሉ። ገበሬው በማይሠራባቸው የወር በዓላት ትምህርት እንዳለም አትርሱ፤ መንግሥት ከሚዘጋቸው በዓላት በስተቀር ክፍሉ ክፍት ነው።

አንድ ነገር በተለይ ልብ በሉ። ልጁ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ በዜማ እስከ መጨረሻው ሲወርደው ፊደል ያወቀ ይመስላል። ብዙ ወላጅ፣ በተለይ ልጁ የኔታ ዘንድ የቆየ ከሆነ፣ በዚህ ይዘናጋል። ጉድለቱ የሚታወቀው በጥር ፈተና ነው። ቤት ውስጥ ለመለየት ወረቀት ወስዳችሁ አንድ ፊደል ብቻ የሚያሳይ ቀዳዳ ብሱ፤ ገበታው ላይ እያንቀሳቀሳችሁ ከመሃል፣ ከታች፣ ከላይ ጠይቁት። ተራውን ከዜማው እያስታወሰ ከቆጠረ ገና አልለየውም። ደ እና ጀ፣ ዘ እና ዠ፣ ጸ እና ጰ የሚምታቱት ብዙ ጊዜ ነው። ወላጁ ራሱ ባያነብ ታላቅ እህት ወይም ወንድም ይጠይቀው። በቀን ዐሥር ደቂቃ ይበቃል።

ጠዋት ሲነሳ ፊቱን በሳሙና ታጥቦ ይምጣ። በአካባቢያችን የዓይን ማዝ ብዙ ልጅ ያጠቃል፤ ዝንብ ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ታደርሰዋለች፤ ዓይኑ የሚያሳክከው ልጅ ሰሌዳ ማየት አይችልም። ቁርስ ሳይቀምስም አትላኩት፤ ከ3:30 በኋላ የሚያንቀላፉት ባዶ ሆዳቸውን የመጡት ናቸው። ቆሎ ወይም በሶ ይበቃል።

ሁለተኛው መንፈቅ የቃልና የዐረፍተ ነገር ንባብ ነው። ዋናውን ሥራ እስከ ግንቦት መጨረስ አለብን፤ ሰኔ ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የመምህሩ ድምፅ ሁለተኛው ዴስክ አይደርስም፤ ልጆች የሚሠሩት ጽሕፈት ብቻ ይሆናል። ደብተሩ እንዳይበሰብስ በፌስታል ተጠቅልሎ ይምጣ።

አራት ባለ 50 ገጽ ደብተር፣ ሁለት እርሳስ፣ መቅረጫና ላጲስ ያስፈልጋል። እርሳሱን ለሁለት ቆርጣችሁ ግማሹን ቤት አስቀሩ፤ ሙሉው ሲጠፋ ልጁ እርሳስ የለኝም ብሎ ከትምህርት ይቀራል።

የመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በክፍሉ ውስጥ ይሆናል። የአጨዳችሁን ሳምንት ገምታችሁ ኑ፤ የፊደሉን ተራ በዚያው ልክ አብረን እናስተካክላለን።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር