ደብዳቤ ለልጄ፦ ወንዙ ጋ ስትደርሺ ከመኪናው ውረጂ

ውድ ልጄ፣

የመኪናውን ቁልፍ ከሰጠሁሽ ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። አላመንኩሽም ማለቴ አይደለም፤ አነዳድሽን አውቀዋለሁ። ግን ያንን በወንዙ ዳር የሚሄደውን ፒስታ መንገድ ብዙ ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። ፊት ለፊት ስናወራ ደግሞ ዋናውን ነገር ሳልነግርሽ እየቀረሁ ነው። ስለዚህ ልጻፍልሽ።

አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ ከሥር መንኳኳት ሲጀምር ቆም በይና የጎማውን አየር ቀንሺ። በፒኤስአይ፣ ማለትም በጎማ አየር መለኪያው፣ 35 ከሆነ ወደ 25 አውርጂው። ጎማው ለስለስ ብሎ መሬቱን በሰፊው ይይዛል፤ ወገብሽም እረፍት ያገኛል። ስትመለሺ አስፋልት ላይ ከመፍጠንሽ በፊት መልሰሽ ሙዪው። አየር ያነሰው ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ይግላል፣ ሊፈነዳም ይችላል። አውራ ጣትሽን በመሪው ውስጥ አታስገቢ፤ ድንጋይ ጎማውን ሲመታ መሪው በድንገት ዞሮ ጣት ይሰብራል። ቁልቁለት ላይ ፎር ሎው፣ አራቱንም ጎማ በዝግታና በጉልበት የሚያዞረውን ማርሽ፣ አስገቢና ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይያዝልሽ።

ሌላውን መንገዱ ራሱ ያስተምርሻል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ወንዙ ነው።

ትንሽ ልጅ ሳለሽ አንድ ቀን ጠዋት እዚያ መሻገሪያ ላይ በቀላሉ አለፍኩ። ውሃው ቁርጭምጭሚት እንኳ አይደርስም ነበር። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሳልወርድ ገባሁ። መሃሉ ላይ የመኪናው ኋላ ቀለል አለኝ። ጎማዎቹ መሬት ለቀዋል! መሪውን ባዞረው ምንም የለም። ውሃው ወደ ጎን ገፍቶ ገፍቶ የአሸዋ ቁልል ላይ አስጠጋኝ፤ በዚያ ወጣሁ። ያ ስሜት እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ።

ዝናቡ የዘነበው ላይ፣ ከተራራው ነበር። ወርጄ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነገር ፊቴ ላይ ነበር። ጠዋት ጠጠሩ የሚታይበት ውሃ ደፍርሷል። ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይወርዳል። ድምፁም ወፍሯል።

ስለዚህ ሁልጊዜ ሞተሩን አጥፊና ውረጂ። ውሃው ሰፋ ብሎ የሚንቦጫረቅበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ጥልቀት የለውም። ጠቆር ብሎ ጸጥ ያለውን ፍሪው። ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ የውጭው ዳር ተሸርሽሮ ይጠልቃል፣ የውስጡ አሸዋ ይከምራል። ጥልቀቱን በዱላ ለኪው። የሚፈስ ውሃ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ትንሽ መኪና ይወስዳል፤ 60 ሲደርስ የእኛንም የመሰለ ትልቅ መኪና ያንሳፍፋል። በእግርሽ ለመግባት የፈራሽውን ውሃ በመኪና አትግቢበት። ጠብቂ፣ ወይ ተመለሺ። ብትመለሺ ማንም አይስቅብሽም፤ እኔ እንዲያውም ደስ ይለኛል።

ከገባሽ ደግሞ በዝግታ፣ ማርሽ ሳትቀይሪ፣ ሳትቆሚ እለፊ። ሞተሩ ውሃ ውስጥ ከጠፋ መልሰሽ እንዳታስነሺው። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ፒስቶኑ ሲገፋው ቤላው፣ ፒስቶኑን ከሥር የያዘው ዘንግ፣ ይጣመማል። ከወጣሽ በኋላ ፍሬኑን ቀስ እያደረግሽ እየረገጥሽ አድርቂው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ከመንገዱ ወጥተሽ ሣሩ ላይ አትንጂ፤ ወንዙ ውስጥም ለጨዋታ ሽቅብ ቁልቁል አትበይ። ያንን ዳር ይዞ ያቆመው የሣሩና የቁጥቋጦው ሥር ነው። የጎማ ዱካ በአንድ ክረምት ቦይ ይሆናል።

ደግሞ መውረዱ ለጥንቃቄ ብቻ አይደለም። ሞተሩ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሰማሽ የጋለው ብረት ጠቅ ጠቅ ሲል ነው። ከዚያ አቧራው ይረጋል። ከዚያ ወንዙ ይሰማል። አንዴ እንደዚያ ቆሜ አንዲት ወፍ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለች ጭራዋን ስታወዛውዝ አየሁ። መኪናው ውስጥ ብቀመጥ ኖሮ የማየው መስታወቱን ብቻ ነበር።

ዱላዋን ከኋላ ወንበር ሥር አድርጌልሻለሁ። በቢላ የጫርኳቸው ሁለት መስመሮች አሉባት፤ የታችኛው 30፣ የላይኛው 60 ነው። አደራ፣ ዕቃ ስትጭኚ እንዳትጥያት።

አባትሽ