ስማችሁን ጥሩልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እዚህ ደብረ ማርቆስ ማታ መብራት ሲጠፋ ትንሿን ሬዲዮዬን ይዤ በረንዳ ላይ እወጣለሁ። መብራት መጥፋቱን ወድጄ አይደለም። ግን የሰፈሩ አምፖልና ቻርጀር ሁሉ ሲጠፋ ሬዲዮው ላይ የሚያስነሱት ያ ጆሮ የሚበላ ዝዝታ አብሮ ጸጥ ይላል፣ ያኔ መካከለኛ ሞገድ (ኤ ኤም) ላይ የሩቅ ጣቢያዎች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ።

ቀን ላይ ይሄ የለም። ፀሐይ ከላያችን ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የምትፈጥረው በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ንብርብር አለ፣ ሞገዱን እዚያው ይውጠዋል። ስትጠልቅ ንብርብሩ ይሳሳና ሞገዱ አልፎት ይሄዳል፣ ከዚያ በላይ ካለው ሌላ ንብርብር ነጥሮ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይወርዳል። ክረምት ግን አይመችም፣ በጮቄ ተራራ በኩል መብረቅ ባስገመገመ ቁጥር ሬዲዮው ይንጫጫል። ጥሩው ከጥቅምት ወዲህ ነው።

ባለፈው ኅዳር አንድ ጣቢያ ያዝኩ። ሴት ናት፣ በስዋሂሊ ታወራለች። ሦስት ሌሊት ተከታተልኳት። ድምፅዋ ይመጣል፣ ይርቃል፣ ደግሞ ይመጣል፣ ሰዓቱ ሲሞላ የጣቢያዋን ስም ትጠራለች ብዬ እስክሪብቶዬን ደብተሬ ላይ ደግኜ ስጠብቅ ልክ በዚያች ደቂቃ ድምፁ ይሰምጣል ወይ ዘፈን ይገባል። በአራተኛው ሌሊት ሬዲዮዋን ቀስ እያልኩ አዞርኳት። የመካከለኛ ሞገድ አንቴና ከላይ የሚመዘዘው ሽቦ አይደለም፣ ውስጥ ያለችው ጥቁር ዘንግ ናት፣ ጫፏ ወደ አንድ ጣቢያ ሲያመለክት ያ ጣቢያ ይደክማል። ከምሥራቅ በኩል የተነባበረባት የዐረብኛ ጣቢያ ደከመና «ናይሮቢ» የምትለዋን ቃል ጥርት አድርጌ ሰማሁ። አንዲት ቃል! ደብተሬ ላይ ሁለቴ አሰመርኩባት። የጣቢያውን ስም ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

የእኛዎቹም ያው ናቸው። ጨዋታው ይደራል፣ ማስታወቂያው ይከተላል፣ ጣቢያው ስሙ ሳይጠራ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ቅርብ ያለው አድማጭ ያውቀዋል፣ ሩቅ ያለውስ? ሞገዱ ከ531 እስከ 1602 ኪሎ ኸርዝ በ9 በ9 የተከፋፈለ ስለሆነ አንዱን ቁጥር ብዙ ሀገር ይጋራዋል፣ ማታ ላይ ሁሉም ተደራርቦ ይመጣል፣ በቁጥር ብቻ ማን መሆኑን መለየት አይቻልም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ የምታሰራጩ ሁሉ፣ ሰዓት በሞላ ቁጥር ስማችሁን፣ ከተማችሁንና ቁጥራችሁን ረጋ ብላችሁ ተናገሩ። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ኤፍ ኤም አለ ብላችሁም መካከለኛ ሞገዱን አትዝጉት። ዘመዶቼ ያሉት ከጮቄ ጀርባ ነው፣ የከተማው ኤፍ ኤም በተራራው ይጋረድባቸዋል፣ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው የሚሰሙት ይሄንኑ ነው።

እናንተም ብትችሉ የሀገራችንን የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች ከነቁጥራቸውና ከነሰዓታቸው በወር አንዴ አትሙልን። ከጋዜጣችሁ ቆርጬ ደብተሬ ሽፋን ላይ እለጥፈዋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ