ቤቱ ሲቆጠር ውሃውም ይቆጠር

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ስለ አዲስ አበባ ውሃ ስናወራ ሁሌ የምንጠይቀው «ዛሬ ይመጣል ወይ?» ብለን ነው። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ከ20 ዓመት በኋላ የሚያስፈልገን ውሃ ነው። የገፈርሳ ግድብ የተሠራው በ1930ዎቹ፣ የለገዳዲው በ1960ዎቹ ነው፤ ያኔ ከተማዋ ቱሉ ዲምቱ ትደርሳለች ብሎ ማን አሰበ? በኋላ የድሬ ግድብ ተጨመረ፣ አቃቂ ላይ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፣ ፍላጎቱ ግን ሁሌ ቀድሞ ይገኛል።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 1,000 ቤት ያለው ኮንዶሚኒየም፣ በቤት 4 ሰው፣ በሰው 80 ሊትር ብንል በቀን 320 ሜትር ኩብ ነው። ይህ መታወቅ ያለበት ቁልፍ ሲሰጥ ሳይሆን ፕላኑ ሲነደፍ ነው። ከአሮጌ ቧንቧ መንገድ ላይ የሚፈሰውንም ደምሩበት። (ሮቶ ጣሪያ ላይ ስንሰቅል ደግሞ ችግሩ የተፈታ ይመስለናል፤ ሮቶ ውሃ ያቆያል እንጂ አያመርትም።) ለእኔ ከአዲስ ግድብ በፊት ከቧንቧ የሚፈሰውን መያዝ ይቀድማል፣ ርካሹ ውሃ እሱ ነው። ጉድጓድም ቢሆን ዝም ብሎ አይቆፈርም፣ ውሃው በየዓመቱ ስንት ሜትር እንደወረደ መለካት አለበት።

እስቲ ጋዜጣችሁ የ10 እና የ20 ዓመቱን የፍላጎት ትንበያ ጠይቆ በሰንጠረዥ ያውጣልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ